ከኔልቫና እስከ ጦቢያ፦ የተረሱ የሥዕል ጀግኖችን ስለ ማስነሣት

በምንኖርባት በካልጋሪ ከተማ በየዓመቱ በጸደይ ወራት፣ የፈረስ ግልቢያና የከብት ትርኢት በሚታይበት በስታምፒድ ሜዳ አዳራሾች፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚጎርፍበት የኮሚክ ትርኢት ይካሄዳል። ኮሚክ ስንል በተከታታይ ሣጥኖች በተሳሉ ሥዕሎችና በገጸ ባሕርያቱ አፍ አጠገብ በሚጻፍ አጭር ቃል የሚተረከውን የሥዕል ታሪክ ማለታችን ነው። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ከሚታዩበት ስፍራ ራቅ ብሎ፣ በገዛ ገንዘባቸው የሚያሳትሙ ሠዓልያንና ደራስያን ትንንሽ ጠረጴዛ ተከራይተው ይቀመጣሉ። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ደጋግመን የተመለከትነው ነገር ነው።

ከሰባና ከሰማንያ ዓመት በፊት ተፈጥረው፣ ጥቂት ጊዜ ኖረው፣ አሳታሚያቸው ሲዘጋ አብረው የጠፉ ገጸ ባሕርያትን፣ ፈጣሪዎቻቸውን በዐይናቸው ያላዩ ወጣቶች ያስነሧቸዋል። አንዳንዱ የጥንቱን ገጽ አጽድቶ እንደ ነበረ ያትማል፤ አንዳንዱ ጀግናውን ብቻ ወስዶ አዲስ ታሪክ ይጽፍለታል፤ ሁለቱን የሚቀላቅልም አለ። ከነዚህ ወጣቶች አንዷ፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚሁ የተወለደችና ቀድሞ ያስተማርናት ልጅ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ማኅደር አውጥታ የ«ጦቢያ»ን ረቂቅ አሳየችን። ጦቢያ፣ በ1908 በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ባለታሪክ ናት። ልጅቱ «ጋሼ፣ ይህን ማድረግ ይፈቀድልኛል?» ስትል ጠየቀችን። ያን ዕለት የሕጉን መልስ ብቻ ሰጠናት። ሕጉ የጥያቄዋ ቀላሉ ክፍል እንደ ሆነ የተገነዘብነው ግን ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተለየ ማስታወሻ ካልተሰጠ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ርእሱን ለባልደረቦቻችን ስናነሣ አንዳንዶቹ ፈገግ ይላሉ። ኮሚክ የሕፃናት መዝናኛ ነው፣ ያውም የፈረንጅ፣ ለምሁር መጽሔት አይገባም ይላሉ። ለእነርሱ የምንመልሰው አጭር ነው። የንግሥተ ሳባን ወደ ሰሎሞን መሄድ የሚተርከው፣ ብዙ ጊዜ በአርባ አራት ሣጥን ተከፍሎ በሸራ ላይ የሚሳለውና በየሣጥኑ የአማርኛ ቃል የሚጻፍበት ሥዕል፣ በስደት ከምንኖር ሰዎች በብዙዎቻችን ሳሎን ተሰቅሏል። ካልጋሪ ለተወለደ ልጅ ያን ሥዕል ብታሳዩት «ይህማ ኮሚክ ነው» ይላችኋል፤ አልተሳሳተም። በሥዕል መተረክን ከማንም አልተዋስነውም። ያልለመድነው ነገር ቢኖር፣ የአንድን ሰው ፈጠራ ሌላ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ በስሙ አንሥቶ መቀጠሉን ነው።

ካናዳ ለዚህ ነገር ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በታኅሣሥ 1940 የካናዳ መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለጦርነቱ ለመቈጠብ ሲል አስፈላጊ አይደሉም ያላቸው ሸቀጦች ከአሜሪካ እንዳይገቡ በሕግ አገደ። ከታገዱት መካከል ኮሚኮች ነበሩ። ገበያው ባዶ ሲሆን በቶሮንቶና በቫንኩቨር ጥቂት አሳታሚዎች ተነሥተው ክፍተቱን ሞሉት። መጽሔቶቻቸው ሽፋናቸው በቀለም፣ ውስጣቸው በጥቁርና በነጭ ብቻ የታተመ ስለ ነበረ፣ የዛሬ ሰብሳቢዎች «የካናዳ ነጮች» ይሏቸዋል። ስሙ ስለ ወረቀቱ ብቻ የተነገረ ቢሆንም፣ በውስጣቸው የሚታየውን ዓለም ለሚያውቅ ሰው ሌላ እውነትም ያመለክታል።

ከዚያ ዘመን ጀግኖች ይልቅ ስሟ የቆየው የሰሜን ብርሃናት ልጅ የተባለችው ኔልቫና ናት። ኤድሪያን ዲንግል የተባለ በዌልስ የተወለደ ሠዓሊ በነሐሴ 1941 አወጣት፤ ከአሜሪካዊቷ «ዎንደር ውማን» በጥቂት ወራት ቀደመች ማለት ነው። መነሻዋን ያገኘው፣ «የሰባቱ ቡድን» በተባለው ማኅበር ውስጥ ከነበረው ሠዓሊ ከፍራንዝ ጆንስተን ነበር። ጆንስተን ወደ ሰሜኑ በረዶ ምድር ተጉዞ በኢኑዊት ሕዝብ ዘንድ የሰማውን ስለ አንዲት አሮጊት የሚነገር አፈ ታሪክ ለወዳጁ አወራው። ዲንግል አሮጊቷን ወጣት አደረጋት፤ ረጅም ጠጕርና አጭር ቀሚስ ሰጣት፤ በብርሃን ፍጥነት የምትጓዝ፣ ብረት የምታቀልጥ፣ ከዐይን የምትሰወር ኀያል አድርጎ ሣላት። ፊቷ ግን የዘመኑ የሆሊውድ ተዋናይት ፊት ነው። ቈይታም ከሰሜኑ ሕዝብ ወደ ደቡብ ከተሞች ወረደች፤ አላና ኖርዝ በሚል ስም የመንግሥት ሰላይ ሆነች። ጦርነቱ አብቅቶ የአሜሪካ ኮሚኮች ሲመለሱ የካናዳዎቹ አሳታሚዎች አንድ በአንድ ከሰሙ፤ ኔልቫናም በ1947 ለመጨረሻ ጊዜ ታየች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለስደተኛ ምሁር የሚያስገርም አይደለም፤ ስሙ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በ1971 ማይክል ሂርሽና ፓትሪክ ላውበርት ስለ እነዚያ የተረሱ ኮሚኮች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት በመሥራችነት ያቋቋሙትን የካርቱን ፊልም ኩባንያም ኔልቫና ብለው ሰየሙት። በዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችን በቴሌቪዥን ፊልም መጨረሻ ላይ ከነጩ ድብ ሥዕል ጋር ያን ስም በየቀኑ አንብበዋል። ስሙ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ግን ከመቶ አንድ አይገኝም ነበር። በ1995 የካናዳ ፖስታ በቴምብር ላይ አወጣት፤ ይህም ክብር ነበር እንጂ ንባብ አልነበረም። ጥንታዊው ገጽ ለአንባቢ የተመለሰው ሆፕ ኒኮልሰንና ሬቸል ሪቺ የተባሉ ሁለት ሴቶች ከሕዝብ መዋጮ ጠይቀው፣ የተበተኑትን ገጾች ከቤተ መዛግብትና ከሰብሳቢዎች አሰባስበው በ2014 በአንድ ጥራዝ ሲያሳትሙት ነው።

በእኛ አስተያየት የሁለቱ ሴቶች ሥራ ትልቁ ዋጋ ኔልቫናን እንደ ገና አለመሣላቸው ነው። ሊያሳምሯት ይችሉ ነበር። ፊቷን የኢኑዊት ፊት አድርገው፣ ቀሚሷን አስረዝመው፣ አሳፋሪውን ቃል ሰርዘው ቢያወጧት የሚቃወማቸው ባልኖረ፤ አንባቢ ግን በ1941 አንዲት አገር የራሷን ሰሜን እንዴት ታይ እንደ ነበር የሚመሰክረውን ሰነድ ባጣ ነበር። ይህን ካልን በኋላ ጥራዙ የማይመልሰውን ጥያቄም መሸሽ አይገባንም። አፈ ታሪኩ የተወሰደበት ሕዝብ በታሪኩ ውስጥ የሚታየው ጀግናዪቱ ስትታደገው ብቻ ነው። ገጹን እንደ ነበረ ማተም ሐቀኝነት ነው፤ ዕዳውን ግን አይከፍልም።

የሕጉን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ዕዳው ሁሉ የሕግ ብቻ ይመስላቸዋል። በአሜሪካ ከ1964 በፊት የታተመ ሥራ ባለመብቱ በሃያ ስምንተኛው ዓመት ካላሳደሰው የሕዝብ ሀብት ይሆን ነበር፤ የከሰሩ ትንንሽ አሳታሚዎችም የሚያሳድስላቸው ስላልነበረ ጀግኖቻቸው በብዛት ባለቤት አልባ ሆኑ። በካናዳ መብቱ የሚቈጠረው ከደራሲው ሞት ጀምሮ ነው። ዲንግል የሞተው በ1974 ስለ ሆነ፣ በቀድሞው የአምሳ ዓመት ደንብ ሥዕሎቹ በ2025 መግቢያ ነጻ ይሆኑ ነበር። ሕጉ ግን በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ወደ ሰባ ዓመት ተራዘመ፤ እስከ 2044 ፍጻሜም መጠበቅ ግድ ሆነ። አንድ ሕዝብ አፈ ታሪኩ ያለ ፈቃዱ ተወስዶበት ሳለ፣ የወሰደው ሰው ሥዕል በሕግ መጠበቁ ለሕግ ባለሙያ ምንም አይደለም፤ እኛን ግን ትንሽ ያሳስበናል።

የካልጋሪም ድርሻ አለ። በ1975 በዊኒፔግ ሮን ሊሽማንና ሪቻርድ ኮምሊ ካፕቴን ካናክ የተባለውን፣ የሜፕል ቅጠል በግንባሩ የሚለጥፍ ጀግና አወጡ። ከሦስት እትም በኋላ ቆመ። በ1979 እዚሁ ካልጋሪ ላይ እንደ ገና ተነሣ፤ በጆርጅ ፍሪማን እጅም ሥዕሉ እጅግ አማረ። በ1981 ዳግመኛ ወደቀ፣ በ2015 ደግሞ በሌላ አሳታሚ ተመለሰ። ታሪኩ የተቀመጠው ያኔ ወደፊት በነበረው በ1993 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ካናዳ የዓለም ኀያል መንግሥት ሆና ትታያለች። (ብዙዎቻችን ያን ዓመት የምናስታውሰው በሌላ ነገር ነው።) ለዚህ ጀግና ክፉ አንመኝም፤ ነገር ግን በተነሣ ቍጥር የሚለወጠው ልብሱና የወረቀቱ ጥራት እንጂ ጥያቄው አይደለም። አገሩን ይወዳል፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ትንሣኤ ለናፍቆት ይበቃል፤ ለሐያሲ ግን ብዙ ሥራ አይሰጥም።

በዚህችው ከተማ ቦብ ጊብሰን የተባለ ሰብሳቢ ዕድሜውን ሙሉ ከድሮ መጽሔቶች የሳይንስ ልብ ወለዶችን እየቈረጠ፣ በገዛ እጁ እየጠረዘና ሽፋን እየሣለ ያኖራቸው ጥራዞች ዛሬ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እርሱ ማንንም አስነሥቻለሁ አላለም። ከሞቱት አንዱን ለማስነሣት የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእንዲህ ያለውን ሰው በር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ስሙን ሳናነሣ ማለፍ አልፈለግንም።

ከተመለከትናቸው ሁሉ በተሟላ መንገድ ዕዳውን የከፈለው፣ በእኛ ግምት፣ ቻይናዊ አሜሪካዊው ጂን ሉዌን ያንግ ከሠዓሊው ከሶኒ ሊው ጋር በ2014 ያወጣው «ዘ ሻዶ ሂሮ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። በ1944 ቹ ሂንግ የተባለ ቻይናዊ አሜሪካዊ ሠዓሊ አረንጓዴው ኤሊ የሚባል ጀግና ፈጥሮ ነበር። የወጣው አምስት እትም ብቻ ነው። በእነዚያ ገጾች አንድ እንግዳ ነገር ይታያል፦ ጀግናው ፊቱን ለአንባቢ አያሳይም። ወይ ጀርባውን ይሰጣል፣ ወይ ክንዱ ይጋርደዋል፣ ወይ ጥላ ያርፍበታል። አብሮት ያለው ልጅ ማንነቱን ሊጠይቀው ሲል ሁልጊዜ አንድ አደጋ ይመጣና ወሬው ይቋረጣል። ሂንግ ጀግናውን ቻይናዊ ሊያደርገው ፈልጎ አሳታሚዎቹ ስለ ከለከሉት በሥዕል አደመባቸው የሚል ወሬ አለ፤ የተረጋገጠ ግን አይደለም። ቀለም ቀቢው ደግሞ የጀግናውን ቆዳ ከመጠን ያለፈ ሮዝ አድርጎ ቀባው።

ያንግ ያደረገው ይህን ነው። የጥንቱን ሥዕል አላረመም፤ ስሕተት የሚመስለውን ነገር ሁሉ እንደ እውነት ተቀበለና ምክንያት ፈለገለት። ጀግናው ሃንክ የሚባል የባለሱቅ ልጅ ሆነ፤ እናቱ በግድ ጀግና ካላደረግሁት ብላ የምታሠቃየው። ሮዙ ቆዳ ከእናትየዋ ሙከራዎች በአንዱ የመጣ መዘዝ ሆነ፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። የተሸሸገው ፊት ደግሞ ሰባ ዓመት ገደማ ዘግይቶ ለአንባቢ ተገለጠ። ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያንግ የ1944ቱን የመጀመሪያ ታሪክ እንደ ነበረ አትሞ፣ ስለ ሂንግ የሚታወቀውንና ወሬ ብቻ የሆነውን ለይቶ ጻፈ። አንባቢ አዲሱን ካነበበ በኋላ አሮጌውን ራሱ ይመዝናል። የሂንግ ዝምታ በሌላ ሰው ድምፅ አልተሸፈነም፤ አጠገቡ ሆኖ ይነበባል።

በተመሳሳይ መንፈስ የተሠራ ሌላም አለ። በ1947 ጥቁሩ ጋዜጠኛ ኦሪን ኢቫንስ በፊላዴልፊያ ከጥቁር ባልደረቦቹ ጋር አንድ ኮሚክ አሳተመ። በውስጡ ላየን ማን የተባለ የተማረ ጥቁር ጀግና ከተባበሩት መንግሥታት ተልኮ በጎልድ ኮስት የሚገኝ የዩራንየም ተራራ ይጠብቃል። ሁለተኛ እትም አልወጣም፤ ኢቫንስ ወረቀት የሚሸጥለት አጣ ይባላል። ክሪስ ሮቢንሰን የተባለ አዘጋጅ ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን እትም ከአዳዲስ ታሪኮች ጋር በአንድ ጥራዝ መልሶታል። የአፍሪካን ማዕድን ከዘራፊ የሚጠብቅ ጀግና ጋና ነጻ ከመውጣቷ ዐሥር ዓመት በፊት መታሰቡ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ እዚህ አናሰፋውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2018 ብስራት ደበበ በኤታን ኮሚክስ ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» የአዲስ አበባውን ወጣት ልዕለ ኀያል አድርጎ አሳይቶናል፤ በዚህም ደስ ብሎናል። ጀምበር ግን አዲስ ፍጥረት ነው። ከቀደመ ሰው ያልተወረሰ ስለ ሆነ የቀደመ ሰው ዕዳ የለበትም። ጦቢያ እንደዚያ አይደለችም።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፦ ጦቢያ መንትያ ወንድሟ ዋሕድ ለአባታቸው ውለታ የዋለውን ነጋዴ ፍለጋ ሄዶ ሲጠፋ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው የምትወጣ ልጅ ናት። የተሸሸገ ማንነት፣ የተለወጠ ልብስ፣ ረጅም ጉዞ፤ ኔልቫና ከመታሰቧ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኮሚክ ጀግና የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ ተሟልቶላታል። ደራሲው ራሱ ሠዓሊ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ወደ ኢጣልያ የላኩት በቱሪን ሥዕል እንዲማር ነው። ሕጉም ይፈቅዳል፦ በኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ጥበቃው ከደራሲው ሞት በኋላ አምሳ ዓመት ነው፤ አፈወርቅ ያረፈው በ1947 ስለ ሆነ ጊዜው ካለፈ ቈየ። በካናዳም ቢሆን ሕጉ ከመራዘሙ በፊት አልፏል። ለልጅቱ የሰጠናት መልስ ይህ ነበር።

ያልነገርናት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የአፈወርቅ ነገር ነው። ይህ ሰው በአድዋው ዘመን ወደ ጠላት ወገን ያለፈ፣ በአምስቱ ዓመት ወረራም ለፋሺስቶች ያገለገለና «አፈ ቄሣር» የተባለ ነው፤ ከነጻነት በኋላም በጅማ በግዞት ሳለ ሞተ። የረቂቁን ሽፋን ስንመለከት የልጅቱ ስም አለ፤ የአፈወርቅ ስም ግን የለም። ስንጠይቃት አጎቶቿ «የባንዳ ስም ከመጽሐፍሽ ላይ አታኑሪ» ብለው እንደ መከሯት ነገረችን። ሐሳባቸው ይገባናል፤ ከእነርሱ አንዱ አያቱን በየካቲት 12 ያጣ ሰው ነው። ቢሆንም አንስማማም። ጦቢያ ለአባቷ ነፍሷን የሰጠች ልጅ ናት፤ የወለዳትን ሰው ስም ነጥቆ እርሷን ንጹሕ ማድረግ ሌላ ዐይነት ውሸት ነው። ያንግ የሂንግን ገጽ ከራሱ ገጽ ኋላ እንዳኖረው ሁሉ፣ የአፈወርቅም ስም በሽፋኑ ላይ፣ ታሪኩም በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለ ምንም ቅባት ይቀመጥ። እኛ በስደት ያለን ሰዎች ንጹሕ ቅድመ አያት ብቻ መምረጥ የምንወድ ሆነናል፤ ይህ ጠባይ በልጆቻችን ሥራ ላይ ሲጋባ ማየት አንፈልግም።

ሁለተኛው ይብሳል። በመጽሐፉ ውስጥ ከክርስቲያኖቹ ጋር የሚዋጋው ሕዝብ የሚጠራው «አረመኔ» ተብሎ ነው። ንጉሡ ደግ ሰው ነው፤ ታሪኩ የሚዘጋው ግን እርሱ ተጠምቆ ጦቢያን ሲያገባ ነው። ወታደሮቹና ገበሬዎቹስ? ስም የላቸውም። ይህ ቃል በአገራችን ታሪክ ለማን ለማን ይሰጥ እንደ ነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆችም ዛሬ በዚህች ከተማ ከእኛ ጋር በአንድ ዕድር ያዋጣሉ፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ለእነርሱ ልጆች ጦቢያን እንደ ጀግና ይዞ መቅረብ፣ ለኢኑዊት ልጅ ኔልቫናን ይዞ እንደ መቅረብ ነው። በረቂቁ ላይ አንድ የጦርነት ገጽ አለ። ዐሥራ ሁለት የአረመኔ ወታደር ተሰልፏል፤ ዐሥራ ሁለቱም አንድ ፊት አላቸው። ይህን ስናሳያት ልጅቱ ደነገጠች፤ ሆን ብላ አላደረገችውም። «ጋሼ፣ መጽሐፉ እኮ ስለ እነሱ ምንም አይልም» አለችን።

እንግዲህ የአስነሺው ሥራ የሚጀምረው መጽሐፉ ምንም በማይልበት በዚህ ስፍራ ነው። የአፈወርቅን ቃል ማረም አያስፈልግም፤ «አረመኔ» ያለበት ሁሉ እንዳለ ይታተም። ነገር ግን አሮጌው ደራሲ ዝም ባለበት ሣጥን ውስጥ አዲሷ ደራሲ ዝም ካለች፣ የእርሱን ዝምታ በዘመናችን ቀለም ደግማ አተመችው ማለት ነው። ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሲሰማ «የ1908 መጽሐፍ ላይ የዛሬን ፖለቲካ መጫን ነው» ብሎናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ጦቢያን ወደ ኮሚክ መቀየሩ ራሱ ጭነት ነው፤ ፊት ያልተሣለለትን ሰው ፊት መሣል የግድ ይሆናል፤ ማንኛውም ፊት ደግሞ የአንድ አገር ሰው ፊት ነው።

ባለፈው ጥቅምት አዲሱን ረቂቅ ይዛ መጥታ ነበር። የአፈወርቅ ስም በሽፋኑ ላይ ገብቷል፤ በዚህ ምክንያት ከአጎቶቿ አንዱ እስካሁን አኵርፏታል። በጦርነቱ ገጽ ላይ ዐሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ፊቶች አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ የጠላውን ቅል ይዞ ይስቃል፣ አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ልጁ አፉን ከፍቷል፤ ከአፉ አጠገብ የተሣለው የቃል ሣጥን ግን ባዶ ነው። ልብ ወለዱ የአገራቸውን ስም ስለማይነግረን በምን ቋንቋ እንደምታናግረው አልወሰነችም። ከዕድሩ አባላት ከሦስት ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪ እናቶች ዘንድ ሄዳ፣ አንድ ልጅ በጦር ሜዳ እናቱን ሲጠራ ምን እንደሚል ጠይቃለች፤ መልሶቻቸውን በእርሳስ በገጹ ጠርዝ ላይ ጽፋቸዋለች። የሚያስቸኩላት አሳታሚ የለም፤ የምታሳትመው ከደመወዟ በምታጠራቅመው ገንዘብ ነው።